የጣና ድንጋይ መርማሪዎች

እ.ኤ.አ. ከ1925 እስከ 1934 ዳንግላ ተቀምጦ የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ሻለቃ ሮበርት ቺዝማን፣ ሹመቱ የቆንስልነት ይሁን እንጂ፣ አብዛኛውን ድካሙን ያፈሰሰው ጣናን ዞሮ በመለካትና የዓባይን ገደል ተከትሎ ካርታውን በመንደፍ ነበረ። ሰውየው ተፈጥሮን መመርመር የሚወድ መሆኑ እውነት ነው፤ ነገር ግን ከእርሱ አስቀድሞ መንገዱን የጠረገ፣ ገንዘብና ሐሳብ ከካይሮና ከካርቱም የሚመነጭለት ረጅም የጣና ምርመራ ሥራ ነበረ።

የዚህ ሥራ መሠረት ዳግማዊ ዓፄ ምኒልክ ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. (1902 እ.ኤ.አ.) ከእንግሊዝ ጋራ የተፈራረሙት ውል ነው፤ በሦስተኛው አንቀጽ ንጉሠ ነገሥቱ ከእንግሊዝና ከሱዳን መንግሥት ጋራ ሳይስማሙ በዓባይ፣ በጣናና በሶባት ላይ የውሃውን ወራጅነት የሚያግድ ሥራ እንዳያሠሩ ቃል ገቡ። በዚያው ዘመን መሐንዲሱ ዱፑይ መጥቶ ሐይቁን መረመረ፤ የጻፈውም በ1904 እ.ኤ.አ. ከእንግሊዛዊው መሐንዲስ ከጋርስቲን ትልቅ ሐተታ ጋራ ተያይዞ ወጣ። በ1920 እና በ1921 እ.ኤ.አ. ደግሞ የሱዳን መንግሥት ጂኦሎጂስት ግራብሃም ከብላክ ጋራ ተላከ፤ ሪፖርታቸውን በ1925 ካይሮ ላይ ያሳተመው የግብፅ የሕዝብ ሥራዎች ሚኒስቴር ነው። እንግዲህ ምድሩ የኢትዮጵያ፣ ባለሙያው የሱዳን፣ አሳታሚው የግብፅ፣ ጥያቄው ደግሞ የጥጥ እርሻ ውሃ ፈላጊዎች ሆነ ማለት ነው።

በጣና ላይ ለታሰበው ግድብ የተላከ የሥነ ምድር ሊቅ ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት ስፍራ ድንጋዩን በመዶሻ ሰብሮ አዲሱን ፊት ያያል፤ ጥንታዊ እሳተ ገሞራ ያፈሰሰው ጥቁር ድንጋይ አንዳንዱ ጥቅጥቅ ያለ ነው፣ አንዳንዱ እንደ እንጀራ ዓይን ያወጣ ነው፤ ስንጥቁ ከበዛ ውሃው ከግድቡ ሥር ሾልኮ ይሄዳልና፣ የግንቡ ዕጣ ከድንጋዩ ባሕርይ ጋራ የታሰረ ነው። ከዳንግላ እስከ እንጅባራ የተደረደሩት የእሳተ ገሞራ ጉብታዎችና የዘንገና ሐይቅ ጉድጓድ፣ ለሥነ ምድር ተማሪ ከዚህ የበለጠ ምሥጢር ቢይዙም፣ የግድብ ገንዘብ የሚወጣላቸው አልነበሩም።

አዲስ አበባም ዝም ብላ አልተመለከተችም። በ1927 እ.ኤ.አ. አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ሐኪም ወርቅነህን ወደ ኒው ዮርክ ልከው ከጄ. ጂ. ዋይት የምህንድስና ኩባንያ ጋራ ስለ ጣና ግድብ አነጋገሩ፤ በሕፃንነቱ ከመቅደላ ተወስዶ በእንግሊዞች እጅ ያደገው ሰው እንግሊዝን የሚያስደነግጥ መልእክተኛ መሆኑ፣ ታሪክ አንዳንድ ጊዜ ቀልደኛ መሆኑን ያሳያል። የኩባንያው መሐንዲሶች ከ1930 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ጣናን መረመሩ፤ ግድቡን ግን የኢጣልያ ወረራ ቀደመው።

በ1937 እ.ኤ.አ. በጂኦሎጂስቱ ጆቶ ዳይኔሊ የተመራው የኢጣልያ ንጉሣዊ አካዳሚ የጥናት ቡድን ጣና ሲደርስ፣ አገሩ በጉልበት ተይዞ ነበርና ፈቃድ የሚጠይቀው ባለቤት አልነበረም። ከእነዚህ ሁሉ የውጭ መርማሪዎች በኋላ ኢትዮጵያ የራሷን የጂኦሎጂ ጥናት መሥሪያ ቤት ያቋቋመችው በ1968 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ የመላው አገር የጂኦሎጂ ካርታ በ1፡2,000,000 መጠን ከዚሁ መሥሪያ ቤት የወጣው በ1973 እ.ኤ.አ. ነው።