ጮቄ እንግዳ ሲቀበል

ሮብ ገበያ በምሥራቅ ጎጃም የስናን ወረዳ ከተማ ናት። ከበላይዋ የጮቄ ተራራ ከ4,000 ሜትር በላይ ይነሣል። ሙጋ፣ ሱሃና ጨሞጋ የተባሉት ወንዞች ከዚሁ ተራራ ፈልቀው ወደ ዓባይ ይወርዳሉ።

ጅብራ የተባለው ረጅም ተክል ዛሬም በተራራው አናት ላይ ቆሟል። አስታ የተባለው ዛፍ ግን ለማገዶ እየተቆረጠ ተመናምኗል፤ የገብስና የድንች ማሳም ሽቅብ እየገፋ ነው። ተዳፋት ላይ የታረሰ አፈር ደግሞ ክረምት ሲገባ ከጎርፉ ጋር ይሄዳል።

የተባበሩት መንግሥታት የዓለም ቱሪዝም ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 የጮቄ ተራሮች ኢኮ መንደርን ከዓለም ምርጥ የቱሪዝም መንደሮች ተርታ አሰልፎታል። ደስ ይላል፤ ማዕረግ ግን ማገዶ አይሆንም።

ለጮቄ ጥበቃ የሚሆነው ትምህርት ሩቅ አይደለም። የመንዝ ገበሬዎች ‹ቄሮ› በሚሉት ሥርዓት ጓሳ የተባለውን የሣር ምድራቸውን ለዓመታት ዘግተው ያቆዩ ነበር። ሲከፈት ለቤት ክዳንና ለገመድ የሚሆነውን ሣር ሁሉም በወሰኑ ያጭድ ነበር፤ ቀኑ ሳይደርስ የገባ ይቀጣ ነበር። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ይህን ሥርዓት አፈረሰው። በኋላ ግን ማኅበረሰቡ በኮሚቴ ተደራጅቶ ጥበቃውን መለሰ፤ ጭላዳና ቀይ ቀበሮ ለማየት የሚመጣውን እንግዳም በራሱ ሎጅ ያሳድራል። ቱሪዝሙ የመጣው ጥበቃውን ተከትሎ ነው፤ ብዙ ዕቅድ አውጪዎች ይህን ቅደም ተከተል ይገለብጡታል።

ወደ ጮቄ የምትወጡ ከሆነ አስጎብኚም በቅሎም ከአካባቢው ሰው ተከራዩ፣ የበላችሁበትን እዚያው ክፈሉ፣ በአስታ እሳት አታንድዱ።