አንድ ኳስ ለሰማንያ ተማሪ

የሰውነት ማጎልመሻ ትምህርት ሲባል ለብዙዎቻችን ቶሎ የሚታሰበን ኳስ ነው። መምህሩ ኳሱን ወደ ሜዳ ይወረውራል፤ 22ቱ ጎበዞች ይሯሯጣሉ፤ የተረፉት 58 ልጆች፥ በተለይም ሴቶቹ፥ ጥላ ሥር ተቀምጠው ያያሉ። ደወል ይደወላል። በመዝገቡ ላይ ግን 80ውም ተማሪ ስፖርት ሠርቷል!

እንግዲህ ዕጩ መምህራን በጭሮ፥ በሂርና፥ በበዴሳ፥ በገለምሶም ሆነ በሚኤሶ ክፍል ከመረከባችን በፊት ነገሩን በቁጥር እንመልከተው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2013 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ፥ ከ5 እስከ 17 ዓመት ያለ ልጅ በቀን በአማካይ ቢያንስ 60 ደቂቃ ትንፋሽን የሚያፈጥን እንቅስቃሴ እንዲያደርግ ይመክራል። በሳምንት ቢያንስ 3 ቀንም ጡንቻና አጥንት የሚያጠነክር ሥራ እንዲኖርበት ያሳስባል። ይህ በሳምንት 420 ደቂቃ መሆኑ ነው። የ40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ በሳምንት ሁለቴ ቢሰጥና አንዲት ደቂቃ ባትባክን እንኳ 80 ይሆናል፤ ከሚፈለገው አንድ አምስተኛውን አይሞላም። ታዲያ የቀረው ከየት ይምጣ?

ዱሮ ከመንገድ ይመጣ ነበር። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ አሰላ አካባቢ ሲያድግ ትምህርት ቤት ለመድረስ 10 ኪሎ ሜትር፥ ለመመለስም 10 ኪሎ ሜትር ይሮጥ እንደነበር የታወቀ ነው። በ1988 ዓ.ም. አትላንታ ላይ፥ በ1993 ዓ.ም. ደግሞ ሲድኒ ላይ በ10,000 ሜትር ወርቅ ያገኘው ያ ሯጭ፥ ግራ እጁ ደብተር እንደያዘ ልጅ እጥፍ ይል ነበር። በእኛም አካባቢ የጨርጨርን ዳገት በእግሩ ወጥቶ ወርዶ የሚማር ልጅ ዛሬም አለ። አንዳንዱ የከተማ ልጅ ግን በባጃጅ መጥቶ በር ላይ ይወርዳል። ሁለቱም አንድ ዴስክ ላይ ይቀመጣሉ።

ለሁለቱ እኩል ልምምድ ማዘዝ ልክ አይመስለኝም። ጎህ ሳይቀድ ጀሪካን ውሃ ቀድታ፥ ቁርስ ሳትቀምስ የመጣችን ልጅ «ሜዳውን አምስት ዙር!» ማለት ምን የሚሉት ትምህርት ነው? እሷ ድካም አልጎደላትም፤ የጎደላት ምግብና ጨዋታ ነው። መምህሩ አስቀድሞ ማን ከየት እንደመጣ፥ ማን ምን በልቶ እንደመጣ ይወቅ።

ከዚያ በኋላ ሥራው የሚጀምረው ከክፍል ውስጥ ነው። ልጅ ሲንቀሳቀስ ልቡ ደሙን በብርታት ይገፋል፤ ሲዘል አጥንቱ ይጠነክራል፤ የደከመ ትኩረቱም ይነቃቃል። የሒሳብ መምህር ሦስት ደቂቃ ቢያጠፋ ምን ይጎዳል? ልጆቹ ተነሥተው በኦሮምኛ «ቶኮ፥ ለማ፥ ሰዲ፥ አፉር፥ ሸን» እያሉ በየቁጥሩ ይዝለሉ፤ በአምስት አምስት መቁጠርንም በዚያው ይማሩታል። የጠዋቱ የሰንደቅ ዓላማ ሰልፍም አለ። ልጆቹ ተሰልፈው ቆመዋልና ከመዝሙሩ በኋላ አምስት ደቂቃ እጅና እግር ማፍታታት ገንዘብ አይጠይቅም። ሚኤሶን በመሰለ ቆላ ደግሞ ቀትር ላይ ማስሮጥ አደጋ ስላለው፥ የጠዋቱ ሰዓት ያለ ክርክር ይመረጣል፤ የሚጠጣ ውሃም በቅርብ ይኑር።

ሜዳው ተዳፋት ከሆነና ኳሱ ገደል እየገባ ካስቸገረ፥ ኳሱን ትቶ ዳገቱን ለዱላ ቅብብል መጠቀም ይቻላል። 80ውን ልጆች በስምንት ቡድን አሥር አሥር አድርጎ መክፈል፥ መሥመሩን በአመድ ማስመር፥ ከአሮጌ ካልሲና ከቡትቶ ስምንት የጨርቅ ኳስ ማሰፋት ነው። አንዱ ቡድን ሲቀባበል ሌላው ገመድ ይዘላል፤ ሌላው ሰኞ ማክሰኞ ይጫወታል፤ ከዚያ ይቀያየራሉ። ሰኞ ማክሰኞን የልጅ ቧልት ነው ብለው የሚንቁ አሉ፤ እስቲ እነሱ ራሳቸው በአንድ እግር አሥር ጊዜ ደርሰው ይመለሱ!

አንድ ነገር ግን ሳይነሣ አይታለፍም። የረበሸን ተማሪ ማስሮጥ፥ ማንበርከክ፥ ወይም ከዕረፍት ማስቀረት በየቦታው የተለመደ ቅጣት ነው። ሩጫን በቅጣትነት ያወቀ ልጅ በሰውነት ማጎልመሻ ክፍለ ጊዜ ሩጥ ሲሉት ምን እንዳጠፋ ነው የሚያስበው። ከዕረፍት የሚቀረው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ያው ዴስክ ላይ አልረጋ የሚለው ልጅ ነው፤ መንቀሳቀስ ከሁሉ ይልቅ የሚያስፈልገው እሱ ሆኖ ሳለ።