ከቀላል ሕመም በኋላ በደጋ መንገድ ላይ ስለ መሮጥ

በደጋ ከተሞቻችን የአምስት ወይም የዐሥር ኪሎሜትር የጎዳና ሩጫ ሲደረግ፣ ከተወዳዳሪዎቹ አንዳንዶቹ በዚያው ሳምንት ከጉንፋን ወይም ከተቅማጥ የተነሡ መሆናቸው አይቀርም። ለወጣት ሯጭ ያች አንዲት ቀን በአሠልጣኞች ዓይን መግቢያ ልትሆን ትችላለች፤ ስለዚህም «ትንሽ ነገር ነው» ብሎ ይሰለፋል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ሕመሙ በእርግጥ ትንሽ መሆኑ በምን እንደሚታወቅ፣ ከዳባት እስከ ቡይት ራስ ያለውን አገር ምሳሌ አድርጎ ማስረዳት ነው።

በመጀመሪያ የአገሩን ከፍታ እንመልከት። ዳባት ከባሕር ወለል ከ2,500 ሜትር በላይ ሲሆን፣ ደባርቅ 2,850 ሜትር ገደማ፣ ቡይት ራስ ደግሞ 3,200 ሜትር ገደማ ነው። በቡይት ራስ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሁለት ሦስተኛው ያህል ብቻ ስለሆነ፣ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የሚገባው ኦክሲጅን በዚያው መጠን ያንሳል። የደጋው ተወላጅ ሰውነቱ ይህን ለምዶታል፤ ሆኖም መልመዱ ለጤነኛ ቀን እንጂ ለሕመም ቀን ዋስትና አይሆንም።

ትኩሳት ሲመጣ ልብ በዕረፍት ላይ ሳለ እንኳ ሥራው ይበዛል። የሰውነት ሙቀት በአንድ ዲግሪ ሴንቲግሬድ በጨመረ ቁጥር፣ የልብ ትርታ በደቂቃ ዐሥር ያህል ይጨምራል። ተቅማጥና ላብ ውኃና ጨው ስለሚያስወጡ የሚዘዋወረው ደም ይቀንሳል፤ ልብም ጉድለቱን በፍጥነት ለማካካስ ይገደዳል። በዚህ ላይ የዳገቱ ሩጫና የአየሩ መሳሳት ሲታከሉ ሸክሙ ይደራረባል። ከሁሉ የሚያሰጋው ግን ሌላ ነው፤ ጉንፋን መሰል ሕመም የሚያመጡ አንዳንድ ቫይረሶች አልፎ አልፎ የልብን ጡንቻ ያስቆጣሉ። ይህ የሚደርሰው በጥቂቶች ላይ ቢሆንም፣ በዚያ ጊዜ በብርቱ መሮጥ የልብን ምት አዛብቶ ድንገተኛ ሞት ሊያስከትል ይችላል።

እንግዲህ ሐኪሞች ለስፖርተኞች የሚሰጡት ቀላል መለያ አለ። ሕመሙ ከአንገት በላይ ብቻ ከሆነ፣ ይኸውም ንፍጥ፣ ማስነጠስ፣ ጥቂት የጉሮሮ መከርከር ከሆነ፣ ለዘብ ያለ ልምምድ አይከለከልም። ትኩሳት፣ የመላ ሰውነት ቁርጥማት፣ ደረትን የሚይዝ ሳል፣ ማስመለስ ወይም ተቅማጥ ካለ ግን መሮጥ አይገባም። ፓራሲታሞል ውጦ ትኩሳቱን ማብረድም ምልክቱን መሸፈን እንጂ መዳን አይደለም። በተለይ ከደጋው ወደ ቆላ ወርዶ የተመለሰ ሰው ቢያተኩሰው፣ «ምች ነው» ብሎ ከመተው ይልቅ ደሙን ለወባ ማስመርመር ይኖርበታል።

በዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚነሣ ተቃውሞ አለ፤ «አበበ ቢቂላ ከቀዶ ሕክምና ተነሥቶ አሸንፎ የለም ወይ?» የሚል ነው። ነገሩ እውነት ነው። አበበ የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ከተደረገለት ስድስት ሳምንት ሳይሞላው፣ ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. በቶኪዮ ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11.2 ሴኮንድ ፈጸመ። ነገር ግን የታመመው አካል ወጥቶለት፣ ቁስሉም ለመዳን ሳምንታት አግኝቶ ነበር። የሮጠው ከሕመም በኋላ እንጂ በሕመም ውስጥ አልነበረም። ይኸው ጀግና ጥቅምት 10 ቀን 1961 ዓ.ም. በሜክሲኮ ከተማ እግሩ ተጎድቶ ሳለ ሩጫውን ጀመረ፤ ወደ 17 ኪሎሜትር ግድም ሲደርስ አቋርጦ ወጣ፤ ድሉም የማሞ ወልዴ ሆነ። የመጀመሪያውን ታሪክ የሚጠቅስ ሁለተኛውንም አብሮ መጥቀስ አለበት።

ወደ ሩጫ የሚመለስ ሰው አካሄድ እንደሚከተለው ቢሆን መልካም ነው። አንደኛ፣ ያለ መድኃኒት ትኩሳት የሌለበት አንድ ሙሉ ቀን ይለፍ። ሁለተኛ፣ በተቅማጥ የደከመ ሰው ከጤና ጣቢያ የሚሰጠውን የጨውና የስኳር ዱቄት በንጹሕ ውኃ በጥብጦ ይጠጣ፤ ሽንቱ እስኪነጣም ይጠብቅ። ሦስተኛ፣ ጧት ከመኝታው ሳይነሣ የልቡን ትርታ ለአንድ ደቂቃ ይቁጠር፤ በጤናው ጊዜ ከነበረው በግልጽ ከፍ ካለ ሰውነቱ ገና አላገገመም። አራተኛ፣ በእርምጃ ጀምሮ፣ በሜዳ ላይ በዝግታ ሮጦ፣ ዳገቱንና ፍጥነቱን መጨረሻ ላይ ያድርግ። ሲሮጥ ደረቱን ቢወጋው፣ ልቡ ያለ ሥርዓት ቢመታ ወይም ቢያዞረው፣ ወዲያው ቆሞ ወደ ሐኪም ይሂድ።

ይህ ሁሉ ለሯጩ ብቻ የተተወ መሆን የለበትም። አሠልጣኙና አዘጋጁ ከመነሻው በፊት «ከሰሞኑ ያተኮሰው አለ ወይ?» ብለው ቢጠይቁ፣ እውነቱን የተናገረውም ልጅ በሌላ ቀን እንደሚታይ ቢያረጋግጡለት፣ ብዙው ሕመሙን አይደብቅም። ዛሬ የሚደብቀው ቀኑ ካመለጠው ሌላ ዕድል የማያገኝ ስለሚመስለው ነውና።