አገር ሥራ የሚፈታበት ማክሰኞ

በየዓመቱ ጥቅምት ሲያገባድድ፣ ፈረንጆች ኖቬምበር በሚሉት ወር የመጀመሪያው ማክሰኞ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አውስትራሊያ ሥራ ትፈታለች። በሜልበርን ከተማ ቀኑ ራሱ በዓል ነው። በሌሎቹ ከተሞች ቢሮው ባይዘጋም ሠራተኛው ቴሌቪዥን ፊት ይኮለኮላል። ይህ ሁሉ ፍሌሚንግተን በተባለው ሜዳ ላይ ሦስት ደቂቃ ከምናምን ለሚፈጅ የፈረስ እሽቅድምድም ነው፤ የሜልበርን ዋንጫ ለሚባለው።

ውድድሩ በ1861 ተጀመረ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ይውሰዷቸው)። አሥራ ሰባት ፈረሶች ተሰልፈው፣ ከኒው ሳውዝ ዌልስ የመጣው አርቸር ቀደመ፤ በዓመቱም ደገመው። ለሦስተኛው ዓመት ግን የመመዝገቢያው ቴሌግራም የደረሰው ሜልበርን በዓል በዋለችበት ዕለት ነበርና ቀነ ገደቡ አለፈ ተብሎ አርቸር ተከለከለ። የሌላ ግዛት ባለፈረሶች አኩርፈው ፈረሶቻቸውን አስቀሩ፤ በ1863 የተሽቀዳደሙት ሰባት ብቻ ነበሩ።

ርቀቱ ዛሬ 3,200 ሜትር ነው፤ እስከ 24 ፈረሶች ይሰለፋሉ። የውድድሩ ልብ ግን ጭነቱ ላይ ነው። ፈረሶቹ እኩል ክብደት አይሸከሙም። ደልዳዩ የእያንዳንዱን ያለፈ ውጤት መርምሮ ለበረታው ከባድ፣ ለደከመው ቀለል ያለ ይመድባል። ጋላቢው ከነኮርቻው ይመዘናል፤ የጎደለው በእርሳስ ይሞላል። ስለዚህ የፈረስ ሊቅ ነኝ ባዩም ማን እንደሚቀድም አፉን ሞልቶ አይናገርም። በየመሥሪያ ቤቱ ሳንቲም ተዋጥቶ፣ የፈረሶቹ ስም በብጣሽ ወረቀት ተጽፎ ዕጣ ይወጣል፤ ኮርቻ ነክታ የማታውቅ ገንዘብ ያዥ አለቃዋን ትበላለች። ለእኔ ይህ የባለጸጎች ጨዋታ የሕዝብ የሆነው በዚህ ድልድል ነው።

በ2015 የሆነውን ይመልከቱ። አንድ ለመቶ የተወራረዱበት ፕሪንስ ኦቭ ፔንዛንስ ሁሉንም ቀደመ። በጀርባው የነበረችው ሚሼል ፔይን ዋንጫውን ያሸነፈች የመጀመሪያዋ ሴት ጋላቢ ሆነች። የፈረሱ ባልደራስ ወንድሟ ስቲቪ ነበር፤ የመነሻውን ዕጣ አንድ ቁጥር አድርጎ ያወጣላትም እሱ ነው።

ከሁሉ የገነነው ግን ኒውዚላንድ የተወለደው ፋር ላፕ ነው። በ1930 ከውድድሩ ጥቂት ቀን ቀደም ብሎ ተተኮሰበት፤ ተርፎ 62.5 ኪሎ ተሸክሞ አሸነፈ። በዓመቱ 68 ኪሎ ጫኑበትና ስምንተኛ ወጣ። በ1932 ካሊፎርኒያ ውስጥ ሲሞት ልቡ ካንቤራ፣ ቆዳው ሜልበርን፣ አጽሙ ዌሊንግተን ሙዚየም ገባ። የእኛ መኳንንት በፈረሳቸው ስም ይጠሩ ነበር፤ እዚያ ፈረሱ ራሱ መኳንንት ሆኗል።

ሁሉም አያጨበጭብም። በ2014 ሁለት ፈረሶች ከውድድሩ በኋላ ሞቱ። በ2020 አንቶኒ ቫን ዳይክ እግሩ ተሰብሮ እንዲገደል ተደረገ። ከዚያ ወዲህ ከውጭ የሚመጡ ፈረሶች የሕክምና ምርመራ ጠብቋል፤ በፈረስ ደምና በቁማር አንደሰትም ብለው ቀኑን የሚዘልሉም አሉ። ትክክል ናቸው እላለሁ፤ የድልድሉ ብልሃት የእንስሳቱን አደጋ አይሽርምና።

ከፍሌሚንግተን ወንዙን ሲሻገሩ ፉትስክሬይ ይገኛል፤ የአማርኛ ማስታወቂያ የለጠፉ የእንጀራና የቡና ቤቶች ያሉበት ሰፈር። እዚያ ዘመድ ካለዎት በዚያ ማክሰኞ ይደውሉለትና ዕጣው የትኛው ፈረስ እንደሆነ ይጠይቁት።