የውርጭ ደሴቶች

በሐሩር ክልል የሚገኙ ደሴቶች ሲባል ብዙ ሰው ቶሎ የሚያስበው ከ17,000 የሚበልጡትን የኢንዶኔዥያ ደሴቶች ወይም ዳርዊን እ.ኤ.አ. በ1835 የጎበኛቸውን ጋላፓጎስን ነው። ኢትዮጵያ ባሕር የላትም፤ የደሴቶች ስብስብ ግን አላት። ከሰሜን ተራሮች ተነስቶ በጉና፣ በአቡነ ዮሴፍና በጮቄ አድርጎ፣ የደቡብ ወሎውን ቦረና ሳይንትና የመንዝ ጓሳን አካቶ እስከ አርሲና ባሌ የሚዘልቀው የውርጭ ምድር፣ በሥነ ሕይወት ዓይን ሲታይ የተበታተኑ ደሴቶች ጉባኤ ነው። እኛ ግን እያንዳንዱን ተራራ ለብቻው እያየን፣ ሁለቱን ትልልቆች፣ ሰሜንንና ባሌን፣ ስናስተዋውቅ ትንንሾቹን ረስተናቸዋል። ይህ አስተያየት ጎብኚንም እንስሳትንም እየጎዳ ነው።

ደሴቶቹ የተፈጠሩት በከፍታ ነው። ከፍታ በ100 ሜትር በጨመረ ቁጥር የአየሩ ሙቀት በአማካይ በ0.6 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ይቀንሳል። ስለዚህ ከአባይ በረሃ ወደ መካነ ሰላምና ወደ አጅባር ደጋ የሚወጣ መንገደኛ፣ ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን ብዙ ሺህ ኪሎ ሜትር የተጓዘ ያህል የአየር ለውጥ በአንድ ቀን ያያል። አባቶቻችን ይህን ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋና ውርጭ ብለው ከፋፍለውታል። ከ3,200 ሜትር በላይ ያለው ውርጭ ከቆላው ሙቀት ጋር የማይስማሙ ፍጥረታት መኖሪያ ነው፤ በዙሪያው ያለው ቆላና እርሻ ለእነርሱ ባሕር ነው። ሁልጊዜ እንዲህ አልነበረም። የመጨረሻው የበረዶ ዘመን እጅግ በበረታበት ከ20,000 ዓመት በፊት ገደማ ብርዱ ወደ ታች ወርዶ የውርጩ ምድር ዛሬ ካለበት እጅግ የሰፋ ነበር። ዓለም ሲሞቅ ወደ ጫፎቹ ሸሸ፤ እንስሳቱም እዚያው ተለያይተው ቀሩ።

መለያየት ደግሞ ልዩነትን ይወልዳል። ዋልያ የሚገኘው በሰሜን ተራሮች ብቻ ነው። የደጋ አጋዘን ከስምጥ ሸለቆ በስተደቡብ እንጂ በሰሜን የለም። ቀይ ቀበሮ በሁለቱም ወገን ይኖራል፤ ኑሮው ግን አንድ አይደለም። በባሌ ዋና ምግቡ ከሌላ ቦታ የማይገኘው ግዙፉ ፍልፈል ሲሆን፣ በመንዝ ጓሳ የሚያድነው ትንንሽ አይጦችን ነው። እዚያ አስደናቂ ዘዴም አለው። በሚግጡ የጭላዳ ዝንጀሮዎች መንጋ መካከል ቀስ ብሎ ይራመዳል፤ ጭላዳዎቹም ግልገሎቻቸውን እንደማይነካ ስለለመዱ አይሸሹትም። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ በመንጋው መካከል ከሞከራቸው አደኖች 67 በመቶው ሲሳኩለት፣ ብቻውን ሲሆን የተሳኩለት 25 በመቶው ብቻ ናቸው። ባሌን ብቻ ያየ ጎብኚ ቀይ ቀበሮን በሙሉ አየሁ ማለት አይችልም።

ዕፅዋቱም የራሳቸው ብልሃት አላቸው። በዚህ ከፍታ ላይ የቀንና የሌሊቱ ሙቀት ልዩነት ከክረምትና ከበጋው ልዩነት ይበልጣል። ጅብራ ቀን ቀን ቅጠሎቹን ዘርግቶ ፀሐይ ይቀበላል፤ ሲመሽ ወደ ውስጥ ያጥፋቸውና መሐል ያለውን ለጋ ቡቃያ ከውርጭ ይሸፍናል። ለዓመታት እንዲህ ኖሮ አንድ ጊዜ ብቻ ከሰው ቁመት በላይ የሚመዘዝ አበባ ያወጣል፤ ከዚያ ይደርቃል።

ማክአርተርና ዊልሰን የተባሉት ሳይንቲስቶች እ.ኤ.አ. በ1967 ባሳተሙት መጽሐፍ እንዳስረዱት፣ ደሴት ባነሰና ከሌሎች በራቀ ቁጥር የሚይዘው የዝርያ ብዛት ያንሳል፣ የጠፋውንም መተካት ይከብደዋል። በእኛ ምድር ማስረጃው ጮቄ ነው፤ ቀይ ቀበሮ ከዚያ ጠፍቷል፣ አባይን ተሻግሮ የሚተካውም የለም። በዓለም ላይ የቀሩት አዋቂ ቀይ ቀበሮዎች 500 ገደማ ወይም ከዚያ ያነሱ ሲሆኑ፣ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በባሌ ናቸው። የደንቆሮን ጫካ ይዞ እ.ኤ.አ. በ2009 የተቋቋመው የቦረና ሳይንት ፓርክ ከቀሪዎቹ ጥቂቶቹን ይጠብቃል። ከታች ጽድና ወይራ፣ ከፍ ሲል ኮሶና አስታ፣ ከጫፉ ጓሳና ጅብራ በአንድ ተዳፋት ላይ ተከታትለው ይታያሉ።

የሰዉም ታሪክ የዚሁ መልክዓ ምድር ልጅ ነው። ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የፈሰሰውን እሳተ ገሞራ በሽሎና ሌሎች የአባይ ገባሮች እየቆራረጡ አምባዎችን ሠሩ። የነገሥታት ልጆች የተጠበቁበት ግሸን፣ አፄ ቴዎድሮስ እ.ኤ.አ. በ1868 የተሰዉበት መቅደላ፣ የጥንቷ የሳይንት ተድባበ ማርያም ሁሉም በዚህ ምድር አሉ።

ንጽጽሩ ይገፋል የሚል ይኖራል፤ ገደልን ሰውም ወፍም ይሻገረዋል፣ ጭላዳም በገደል ዳር ይኖራል። እውነት ነው፤ ባሕሩ ለሁሉም እኩል ጥልቀት የለውም። ለንስር ምንም አይደለም፣ ለአይጥ ግን ሙሉ ድንበር ነው። እርሻው ሽቅብ በገፋ ቁጥር ደግሞ ባሕሩ ይሰፋል። ሌላው፣ ጎብኚ መንገድና ማረፊያ ወዳለበት ይሄዳል እንጂ ሳይንት ድረስ ምን ያደክመዋል ይላል። መንገዱ ከባድ፣ የጸጥታውም ጉዳይ አሳሳቢ መሆኑን አልክድም። ነገር ግን የመንዝ ሕዝብ ከ17ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ ቄሮ በተባለ የጋራ ጥበቃ ሥርዓት ጓሳውን እስከ 5 ዓመት እየዘጋ ለዘመናት ጠብቋል፤ ዛሬም በማኅበረሰቡ የሚተዳደር ጥብቅ ስፍራ ሆኖ እንግዳ ያስተናግዳል። ትንሽ ደሴት ጎብኚ እንደሚስብ ከዚህ የቀረበ ምስክር አያስፈልግም።

ከሁሉ የሚከብደው ሦስተኛው ተቃውሞ ነው፤ ጎብኚው ራሱ ጥፋት ይዞ ቢመጣስ? ጋላፓጎስ ለዚህ አንድ አስጎብኚ ከ16 በላይ ሰው እንዳይመራ ደንግጋለች፤ ለደንቆሮም እንዲህ ያለ ገደብ ገና ከጅምሩ መውጣት አለበት። ለቀይ ቀበሮ ግን ከጎብኚ እግር ይልቅ የሚያሰጋው የእብድ ውሻ በሽታ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2003 በባሌ ብዙዎችን ፈጅቷል። መንደር፣ ማረፊያና ቆሻሻ በበዛ ቁጥር ውሻም ይበዛል። ስለዚህ ከጉብኝት ከሚገኘው ገቢ የመጀመሪያው ድርሻ በፓርኩ ዙሪያ ላሉ ገበሬዎች ውሾች ክትባት መዋል ይኖርበታል፤ የእንግዳ ማረፊያው ግንባታ ከዚያ ቀጥሎ ይመጣል።