የእንሹ ዘበኛ

ከሐረር ተነስቶ ባቢሌን አልፎ ወደ ጅግጅጋ የሚጓዝ ሰው ዐይኑ የሚያርፈው ዳካታ ላይ በተቆለሉት ድንጋዮች ነው። እሾሃማው ቁጥቋጦ ውስጥ ከጉልበት ከፍታ የማትበልጥ ፍጥረት ቆማ ብትመለከተው እንኳ አያያትም። እንሹ ናት። ሶማሌዎች ሰጋሮ ይሏታል።

በሶማሌ ክልል ሁለት የእንሹ ዝርያዎች አሉ። አንዷ ስሟን ያገኘችው በ19ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ወደ አገራችን ከመጣው እንግሊዛዊ ሄንሪ ሶልት ነው። ሌላዋ የጉንተር እንሹ ናት፤ እ.ኤ.አ. በ1894 ለሳይንስ የተመዘገበችው ከኦጋዴን በተገኘ ናሙና ነበር። አፍንጫዋ ረዘም ያለና የሚተጣጠፍ ሲሆን፣ በሙቀት ጊዜ ደሟን የምታቀዘቅዝበት ነው። ክብደቷ ከ5 ኪሎ ብዙም አያልፍም። ወንድና ሴት ጥንድ ሆነው አንድ ቦታ ይይዛሉ፤ ከዐይናቸው ጥግ የሚወጣውን ጥቁር፣ ሙጫ መሰል ፈሳሽ በጭራሮ ጫፍ እየቀቡ ወሰናቸውን ያሳውቃሉ።

መንጋ ግን የላቸውም። ፍየል የጠበቀ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል፤ መቶ ፍየል ሲግጥ ሁሌም ቀና ያለች አንዲት አትጠፋም። እንሹ ስታጎነብስ ቀና የሚልላት ከባሏ በቀር ማንም የለም። ነብር፣ ቀበሮና ንስር ደግሞ ሁሉም ይፈልጓታል።

ከግራሩ ጫፍ ላይ ግን አንዲት ወፍ አለች። ግራጫ ናት፣ ሆዷ ነጭ፣ ጉትያዋ የቆመ፣ ከሶሪት ወገን። የግራር አበባና እምቡጥ ትበላለች። አደጋ ስታይ በአፍንጫዋ ትጮሃለች፤ ላልለመደው ሰው በግ ዛፍ ላይ የወጣ ይመስለዋል።

እ.ኤ.አ. በ2008 ተመራማሪው ዳንኤል ብሉምስታይንና ባልደረቦቹ ኬንያ ውስጥ ላይኪፒያ ላይ ያደረጉትን ጥናት አሳተሙ። የዚህችን ወፍ የማስጠንቀቂያ ጩኸት ቀድተው ለጉንተር እንሹዎች በድምፅ ማጉያ አሰሟቸው። እንሹዎቹ መብላታቸውን ቀነሱ፣ አንገታቸውን ወዲያ ወዲህ አዞሩ፣ ወደ መሸሸጊያም የሮጡ ነበሩ። የሌላ ወፍ ተራ ዜማ ሲሰሙ ግን ያን ያህል አልተረበሹም። ለኔ ከሁሉ የሚገርመው ይህ ነው። በየወፉ ድምፅ የምትበረግግ እንሹ በረሃብ ታልቃለችና፣ የትኛው ድምፅ እንደሚያሰጋና የትኛው እንደማያሰጋ መለየት አለባት።

ወፏ ለእንሹ ብላ አልጮኸችም። ለራሷና ለወገኖቿ ነው። ነገር ግን ለንስሩ ሁለቱም ሲሳይ ናቸው፤ ደግሞም ከዛፍ ጫፍ የሚታየው ከቁጥቋጦ ሥር አይታይም። እንሹ ያልተላከላትን መልእክት ጆሮዋን አቁማ ትወስዳለች።

እንዲህ ያለ ጆሮ ያላት እሷ ብቻ አይደለችም። በኬንያው አምቦሴሊ የሚኖሩ ጦጣዎች፣ ደማቅ ሰማያዊ ወፎች ከሰማይ ስለሚመጣና በምድር ስለሚመጣ ጠላት ለየብቻ ሲጮሁ ልዩነቱን ይረዳሉ፤ ለአንዱ ቀና ይላሉ፣ ለሌላው ወደ ዛፍ ይሮጣሉ። እዚያው ኬንያ ታሩ በረሃ ላይ ተመራማሪዋ አን ራሳ ያጠናቻቸው ትናንሽ ሞንጉሶች ደግሞ ነገሩን ወደ ሽርክና አድርሰውታል። መንቁረ ትላልቅ ወፎች ጠዋት ኩይሳው ደጃፍ ላይ ሆነው ሞንጉሶቹ እስኪወጡ ይጠብቃሉ፤ ሞንጉሶቹ ሲሄዱ ከሣሩ የሚዘለውን አንበጣ ይለቅማሉ፤ ወፎቹን ራሳቸውን የማይነካ፣ ሞንጉስ ብቻ የሚያድን አሞራ ሲመጣም ይጮሃሉ።

የእንሹና የወፏ ግን ውል የለበትም። ያለው ግራሩ ነው፤ ለአንዷ ማማና ማዕድ፣ ለሌላዋ ጥላ። በሶማሌ ክልል ግራር ለከሰል ሲቆረጥ እንሹ የምትሸሸግበት ቁጥቋጦ ሊተርፍላት ይችላል። ከላይ ሆና የምታይላት ግን ሌላ ዛፍ ፍለጋ ትሄዳለች።