ጠብቆ የታሰረ ስብራት

በሬ ወይም ፍየል ሲገፈፍ፣ ከቆዳው ሥር ሥጋውን የሸፈነ ስስ ነጭ ነገር ይታያል። ቢስቡት እንደ ልብ አይለጠጥም። በሰው ገላም ይኸው ሽፋን አለ። ሐኪሞች ፋሺያ ይሉታል። ሥራው ጡንቻን እንደ ከረጢት ጠቅልሎ መያዝ ነው። ከጉልበት በታች ባለው እግር ብቻ እንዲህ ያሉ 4 ከረጢቶች አሉ። የደም ሥርና ነርቭም በውስጣቸው ያልፋሉ።

በሀብሩ ማሽላ ጠባቂ ከማማ ላይ፣ ልጅም ከማንጎ ዛፍ ላይ ሊወድቅ ይችላል። አጥንት ሲሰበር በዙሪያው ያለው ጡንቻ ያብጣል፤ ደምም ይቋጥራል። ከረጢቱ ግን አብሮ አይሰፋም። በትንሽ ስልቻ ብዙ እህል እንደ መጠቅጠቅ ነው። ግፊቱ ሲበዛ ደም መግባት ያቅተዋል። በዚያ ላይ በቀርከሃ ስንጥቅና በጨርቅ አጥብቀው ካሰሩት ጭንቁ ይብሳል። ደም ያጣ ጡንቻ በ6 ሰዓት ገደማ ሊሞት ይችላል።

ይህ የእኛ አገር ችግር ብቻ አይደለም። ፎልክማን የተባለ የጀርመን ሐኪም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1881 ዓ.ም. ጠብቆ የታሰረ እጅ ጣቶቹ ተኮራምተው እንደሚቀሩ ጽፏል። በኢትዮጵያም ማሰሪያ ጠብቆባቸው እጃቸው ወይም እግራቸው የተቆረጠ ሰዎች አሉ፤ ሕፃናትም ጭምር።

ወጌሻ የሰፈር ባለሙያ ነው። ጠባችን ከማሰሪያው መጥበቅ እንጂ ከወጌሻው አይደለም። ስለዚህ የተጎዳው ሰው «አመመኝ፣ ፍቱልኝ» ሲል «ቻለው» አንበለው።

ምልክቶቹ እነዚህ ናቸው፦ ሕመሙ ከሰዓት ወደ ሰዓት ይብሳል። ጣቱን ሲያቃኑለት ይጮኻል። ያበጠው ቦታ እንደ እንጨት ይጠነክራል። ጣቶቹ ይደነዝዛሉ። እስኪቀዘቅዙና እስኪጠቁሩ አይጠበቅም፤ ያን ጊዜ መሽቷል።

ታዲያ ምን እናድርግ? ማሰሪያውን እስከ ቆዳው ድረስ በሙሉ እንፍታ። አንሸው፤ በሙቅ ውሃም አንተኩሰው። እንዳይንቀሳቀስ ደግፈን ቶሎ ወደ ጤና ጣቢያ እንውሰደው። መርሳ ከደሴ ወደ ወልዲያ በሚወስደው መንገድ ላይ ስለሆነች፣ ከዚያ በመኪና ወደ ወልዲያ ሆስፒታል መሄድ ይቻላል። መሽቷል ብሎ ማሳደር እጅ ያሳጣል።

ሐኪሙ ቆዳውንና ፋሺያውን በረጅሙ ቀዶ ግፊቱን ያስተነፍሰዋል። ቁስሉ ለጥቂት ቀናት ክፍት ይቆይና እብጠቱ ሲጎድል ይዘጋል። ይህን አይቶ መደንገጥ አያስፈልግም። ከዚያ በኋላ ሐኪሙ እንዳዘዘው ጣትንና መገጣጠሚያን ማንቀሳቀስ ያሻል። ያለዚያ ሽፋኑ ተጣብቆ ገላው ግትር ይሆናል።

ጥያቄዎች፦
1. ፋሺያ ምንድን ነው?
2. የታሰረ እጅ ሕመሙ ሲብስ በመጀመሪያ ምን ይደረጋል?
3. በቀበሌያችሁ ስብራት ሲደርስ እንዴት ይታሰራል? ተወያዩበት።